ክላስን ለዓለም ያበረከተው ሰው፦ ክርስቴን ኒጎርድ

ዛሬ በታዋቂ ሰዎች ዓምዳችን ይዘንላችሁ የቀረብነው የአንድ የኖርዌይ ሰው የሕይወት ታሪክ ነው። ስሙ ክርስቴን ኒጎርድ ይባላል። ከሞተ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ያኔ እኛ ገና አልተወለድንም። ግን ስልክ ላይ ጌም ተጫውታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? የዛሬ ጌሞችና አፕልኬሽኖች አብዛኞቹ የሚጻፉት እሱና ጓደኛው ባመጡት ሐሳብ ነው። ሐሳቡ ክላስ ይባላል። ክላስ ሲባል የእኛ መማሪያ ክፍል እንዳይመስላችሁ! ምን እንደሆነ ወደ ታች ስትወርዱ ታገኙታላችሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች፣ ዓ.ም. ካላልን በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። መልካም ንባብ።

ልደቱና ወጣትነቱ

ክርስቴን ኒጎርድ የተወለደው ኦገስት 27 ቀን 1926፣ በእኛ ነሐሴ 21 ቀን 1918 ዓ.ም.፣ በኖርዌይ ዋና ከተማ በኦስሎ ነው። ኖርዌይ በሰሜን አውሮፓ ጫፍ ላይ የምትገኝ፣ ተራራና ባሕር የበዛባት፣ ክረምቷ በረዶ የሆነ አገር ናት። ጠዋት ጠዋት ጭጋግ ሲወርድ የእንጦጦ ብርድ ገደለን እንላለን፤ ከነሱ ብርድ ጋር ሲወዳደር ግን የእኛው ምንም አይደል።

ልጁ 13 ዓመት ሲሆነው፣ በ1940፣ የናዚ ጀርመን ጦር አገሩን ወረረ። ወረራው 5 ዓመት ቆየ። የእኛ አገር አያቶችና ቅድመ አያቶች በጣሊያን ጊዜ 5 ዓመት መከራ እንዳዩ ሁሉ፣ ኒጎርድም የወጣትነት ዕድሜውን ያሳለፈው አገሩ በጠላት እጅ ሆና ነው። ከጦርነቱ በኋላ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ተማረ።

በእጅ የተሠራው ስሌት

በ1948 በኖርዌይ የመከላከያ ምርምር ተቋም ሥራ ጀመረ። ያን ጊዜ በአገሩ ኤሌክትሮኒክ ኮምፒውተር የሚባል ነገር አልነበረም። ይሄን ልብ በሉልኝ። ዓለም በኮምፒውተር ሥራው የሚያውቀው ሰው ሥራውን የጀመረው ያለ ኮምፒውተር ነው።

በዚያን ጊዜ ኖርዌይ የመጀመሪያዋን የኒውክሌር ማብላያ ልትሠራ እየተዘጋጀች ነበር። ለዚያ የሚያስፈልገው ስሌት ለኒጎርድና ለባልደረቦቹ ተሰጠ። በተለመደው መንገድ ብዙ ሠሩ፤ ግን አድካሚ ሆነባቸው። ስለዚህ በ1950 ሌላ መንገድ ያዙ። ዘዴው ሞንቴ ካርሎ ይባላል። ምን መሰላችሁ? እንደ ዕጣ ማውጣት ነው። አንዲት ቅንጣት ወዴት ትሄድ ይሆን ብሎ ዕጣ ማውጣት፣ የወጣውን መመዝገብ፣ እንደገና ማውጣት፣ እንደገና መመዝገብ። በጣም ብዙ ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ እውነተኛው ነገር ምን ሊመስል እንደሚችል ከመዝገቡ ላይ ይታያል። ይሄን ሁሉ የሠሩት በእጅ ነው። እውነተኛውን ነገር ሳይነኩ አስመስሎ መሥራት ሲሙሌሽን ይባላል። በ1956 ኒጎርድ የማስተርስ ዲግሪውን ጽሑፍ የጻፈውም በዚሁ በሞንቴ ካርሎ ላይ ነው።

ሰልፍ የሚያጠና ሰው

ከዚያ በኋላ ኒጎርድ ትኩረቱን ወደ ሌላ ነገር አዞረ። ሰዎችና ማሽኖች አብረው ሲሠሩ ሥራው የት ጋ ይዘገያል? ሰልፍ የት ጋ ይረዝማል? አንድ ሰው ቢጨመር ሰልፉ ያጥራል ወይስ አያጥርም? እነዚህን ነው ያጠና የነበረው። እኛ ሽሮ ሜዳ ላይ ታክሲ ስንጠብቅ ሰልፉ ለምን አይንቀሳቀስም ብለን እንበሳጫለን፤ እሱ ግን ያንን መበሳጨት ወደ ሳይንስ ቀየረው ማለት ነው።

በዚያው የምርምር ተቋም አንድ ወጣት አገኘ። ስሙ ኡለ ዮሃን ዳል ይባላል። ዳል በ1931 የተወለደ ሲሆን በ1952 ለብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት ነበር ወደ ተቋሙ የመጣው። ሁለቱ በጠባይ አይገናኙም። ኒጎርድ ድምፁ ትልቅ፣ ክርክር የሚወድ፣ ሰው የሚያስተባብር ነው። ዳል ደግሞ ዝምተኛ፣ ሙዚቃ የሚወድ፣ ፕሮግራም በመጻፍ ግን እጅግ የተካነ ነበር። አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላ ነበር።

በ1960 ኒጎርድ ኦስሎ ወደሚገኘው የኖርዌይ የኮምፒውተር ማዕከል ተዛወረ። እዚያ ሆኖ አንድ ነገር አሰበ። መርከብ፣ ፋብሪካ፣ ሰልፍ፣ ሠራተኛ የመሳሰሉትን በቀላሉ ለኮምፒውተር መግለጽ የሚቻልበት የፕሮግራም ቋንቋ ያስፈልጋል አለ። ለብቻው እንደማይወጣው ስላወቀ ዳልን ጠራው። በ1962 ሁለቱ ቋንቋውን መሥራት ጀመሩ። ስሙንም ሲሙላ አሉት።

አራቱ መከራከሪያዎች

እንዲህ ዓይነት ሐሳብ ሲያመጡ ሁሉም ሰው ያጨበጨበላቸው እንዳይመስላችሁ። የተቃወሟቸው ሰዎች አራት ነገር ነበር የሚሉት። አንደኛ፣ እንዲህ ያለ ቋንቋ ለምንም አይጠቅምም አሉ። ሁለተኛ፣ ይጠቅማል፣ ግን ሌሎች ቀድመው ሠርተውታል አሉ። ሦስተኛ፣ ሐሳባችሁ በቂ አይደለም፣ ችሎታውም የላችሁም፣ ስለዚህ አትጨርሱትም አሉ። አራተኛው ደግሞ፣ እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራው ሀብታም በሆኑ ትልልቅ አገሮች እንጂ እንደ ኖርዌይ ባለች ትንሽና ድሃ አገር አይደለም የሚል ነበር።

አንባቢዎች፣ አራተኛውን ሁለት ጊዜ አንብቡት። ዛሬ ኖርዌይ ከዓለም ሀብታም አገሮች አንዷ ናት። ያን ጊዜ ግን ነዳጅ ገና አልተገኘባትም፤ ሕዝቧም 4 ሚሊዮን አይሞላም ነበር። የገዛ አገራቸው ሰዎች ናቸው አንችልም ያሉት። ኒጎርድና ዳል አልተሳደቡም፣ አልተቀየሙም። ሥራቸውን ቀጠሉ። በ1964 መጨረሻ ላይ የመጀመሪያው ሲሙላ በትልቁ የዩኒቫክ ኮምፒውተር ላይ ሠራ። ከዚያም በኖርዌይ ብቻ ሳይሆን በሌሎች አገሮችም ሰዎች ይጠቀሙበት ጀመር።

በኮሪደሩ ላይ የተነሳው ጠብ

ሁለቱ ግን አልረኩም። በቋንቋቸው አንድ ችግር አዩ። ለምሳሌ ድልድይ ላይ ቀረጥ የሚከፈልበት በር አለ እንበል። በሩ ላይ የጭነት መኪናና አውቶቡስ ተሰልፏል። የጭነት መኪናን ለብቻ፣ አውቶቡስን ለብቻ ሲጽፉ ግማሹ ጽሑፍ ድግግሞሽ ይሆናል። ሁለቱም ይሰለፋሉ፣ ሁለቱም ይከፍላሉ፣ ሁለቱም ያልፋሉ። ታዲያ የጋራውን አንዴ ጽፎ፣ ልዩ ልዩውን ብቻ መጨመር ለምን አይቻልም?

በ1967 የጸደይ ወራት በዚህ ጉዳይ ላይ ሲከራከሩ አንድ የሚያስቅ ነገር ሆነ። ለማዕከሉ አዲስ የሆነ ሠራተኛ ደንግጦ እየሮጠ ወደ ስልክ ኦፕሬተሯ መጣ። ፎቅ ላይ ባለው ኮሪደር ሁለት ሰዎች ጥቁር ሰሌዳ ፊት ለፊት ክፉኛ እየተጣሉ ነው፣ ምን እናድርግ አላት። እሷ ከቢሮዋ ወጥታ ጆሮዋን ሰጠችና አረጋጋችው። ጠብ አይደለም፤ ዳልና ኒጎርድ ስለ ሲሙላ እየተወያዩ ነው አለችው።

ከዚያ ጩኸት የወጣው ሐሳብ ክላስ ነው። የጋራውን ተሽከርካሪ የሚል ክላስ ውስጥ አንዴ መጻፍ፤ የጭነት መኪና ያንን ወርሶ ጭነቱን ብቻ ይጨምራል፤ አውቶቡስም ወርሶ ተሳፋሪውን ብቻ ይጨምራል። በ1967 በግንቦት ወር ኦስሎ ላይ በተደረገ ዓለም አቀፍ ስብሰባ አቀረቡት። አዲሱ ቋንቋ ሲሙላ 67 ተባለ።

ለመሆኑ ክላስ ምንድን ነው?

መቼም ሰሚስተር ሲያልቅ የውጤት ካርድ እንወስዳለን። ካርዱ ከማተሚያ ቤት ሲመጣ ባዶ ነው። ስም፣ ክፍል፣ ሒሳብ፣ አማርኛ፣ ደረጃ የሚሉ ክፍት ቦታዎች አሉት። ይሄ ባዶ ካርድ እንደ ክላስ ነው። መምህራችን የእኔን ስምና ውጤት ሲሞሉበት የእኔ ካርድ ይሆናል፤ የእናንተን ሲሞሉበት የእናንተ ይሆናል። የተሞላው ኦብጀክት ይባላል። የእኔ ካርድ ቢቀደድ የእናንተ አይቀደድም። ክላሱ አንድ ነው፣ ኦብጀክቱ ግን የፈለግነውን ያህል ነው።

ልዩነቱ አንድ ነው። ካርድ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ የክላስ ኦብጀክት ግን ሥራም ይሠራል። በውስጡ የሚይዘው ነገር አለ፣ ሲታዘዝ የሚሠራውም ነገር አለ። በቃ፣ ክላስ ማለት ይሄው ነው።

እስቲ እኛም እንሥራ

ሁላችንም ቤት ኮምፒውተር የለንም። ግን ኒጎርድም በእጁ ነው የጀመረው ብለን፣ በክበባችን ስብሰባ ላይ አንድ ክላስ በወረቀት ጻፍን። ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ ማርያም የሚመላለሰውን ሚኒባስ መረጥን። 12 ሰው ብቻ የሚጭን፣ ትርፍ የማይጭን ጨዋ ሚኒባስ ነው!

ክላስ ሚኒባስ
የሚይዘው፦ ወንበር = 12፣ ተሳፋሪ = 0
አሳፍር (ስንት ሰው)፦ ተሳፋሪ ከወንበር ካነሰ የመጡትን ደምር። አለበለዚያ ሞልቷል በል።
አውርድ (ስንት ሰው)፦ የሚወርዱት ከተሳፋሪ ካልበለጡ ቀንስ። አለበለዚያ ስህተት በል።

ጽፎ መጨረስ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ መሞከር አለበት። ሲሞከር ደግሞ ደንብ አለው። መጀመሪያ ምን መውጣት እንዳለበት ይጻፋል፣ ከዚያ ይሠራል፣ ከዚያ ሁለቱ ይተያያሉ። አንድ ልጅ ሚኒባስ ሀ፣ አንዲት ልጅ ሚኒባስ ለ ሆነው ወረቀት ይዘው ቆሙ። እኛ እናዛለን፣ እነሱ ክላሱ ላይ የተጻፈውን ብቻ ያደርጋሉ። ከራሳቸው ምንም መጨመር አይችሉም፤ ኮምፒውተርም እንደዚያ ነው።

ሙከራ 1፦ አዲስ ሚኒባስ። መውጣት ያለበት 0። የወጣው 0። ትክክል።
ሙከራ 2፦ 1 ሰው አሳፍር። መውጣት ያለበት 1። የወጣው 1። ትክክል።
ሙከራ 3፦ 12 ሰው እያለ 1 አሳፍር። መውጣት ያለበት ሞልቷል። የወጣው ሞልቷል። ትክክል።
ሙከራ 4፦ ባዶ ሆኖ ወራጅ አለ ቢባል፣ 1 አውርድ። መውጣት ያለበት ስህተት። የወጣው ስህተት። ትክክል።
ሙከራ 5፦ ሀ ላይ 3 ሰው አሳፍር። ለ ላይ መውጣት ያለበት 0። የወጣው 0። ትክክል።

ጨረስን ብለን አጨበጨብን። አንዲት የክበባችን አባል ግን እጇን አወጣች። 10 ሰው ተሳፍሮ እያለ 5 ሆነው የመጡ ቤተሰብ ቢሳፈሩስ አለች። እስቲ ሞክሩት ተባለ።

ሙከራ 6፦ 10 እያለ 5 አሳፍር። መውጣት ያለበት ሞልቷል። የወጣው 15!

ሁላችንም ሳቅን። ጨዋ ያልነው ሚኒባስ 3 ትርፍ ጫነ። ጥፋቱ የት ጋ ነው? ልጁ ወረቀቱን አነበበልን። ክላሱ የሚጠይቀው አሁን ያሉት ከ12 ያንሳሉ ወይ ብሎ ነው። 10 ከ12 ያንሳል፣ ስለዚህ 5ቱን ደመረ። ልጁ አላጠፋም፤ ያጠፋነው የጻፍነው እኛ ነን። ሚኒባሱ ሊሞላ ሲል ብዙ ሰው በአንዴ ስናሳፍር ስላልሞከርን ስህተቱ ተደብቆ ነበር። እንዲህ አስተካከልነው።

አሳፍር (ስንት ሰው)፦ ያሉትና የመጡት ሲደመሩ ከወንበር ካልበለጡ ደምር። አለበለዚያ ሞልቷል በል።

አሁን 10 እያለ 5 ቢመጡ ሞልቷል ይላል፤ 2 ቢመጡ ግን ልክ 12 ስለሚሆን ያሳፍራል። ከዚያ ሙከራዎቹን ሁሉ ከ1 ጀምረን ደገምናቸው። ምክንያቱም አንዱን ሲያስተካክሉ ሌላው ሊበላሽ ይችላል። ሁሉም ትክክል ሆኑ።

ማሽኑ ለማን ነው?

ወደ ኒጎርድ እንመለስ። ከሲሙላ በኋላ አንድ ጥያቄ ያሳስበው ጀመር። እኔ የሠራሁት ነገር ፋብሪካን በደንብ አስመስሎ ያሳያል። አለቆች ይሄን አይተው የሠራተኛውን ሥራ ይለውጣሉ። ሠራተኛው ግን ስለ ኮምፒውተር ምንም አያውቅም። ታዲያ የሠራሁት ሠራተኛውን የሚጎዳ ቢሆንስ?

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ዝም ይላል። እሱ ግን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ኖርዌይ የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር ሄደ። ከሠራተኞቹ ጋር ቁጭ ብሎ ኮምፒውተር ሥራቸውን እንዴት እንደሚለውጥ አጠኑ። ሠራተኞቹ ተምረው የራሳቸውን ጥያቄ ይዘው ከአሠሪዎች ጋር መነጋገር ቻሉ። በ1975 ደግሞ በአገር ደረጃ ስምምነት ተደረገ። አዲስ የኮምፒውተር አሠራር ሲመጣ ሠራተኞች አስቀድመው እንዲያውቁና እንዲሳተፉ የሚል ነው። ሥራውን የሚሠራው ሰው ማሽኑ ሲታቀድ ይጠየቅ የሚለው ይሄ አሠራር ወደ ዴንማርክና ስዊድንም ተሻገረ።

ኒጎርድ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኖ ለብዙ ዓመታት አስተማረ። በአገሩ ፖለቲካም ውስጥ ነበረበት። ኖርዌይ የአውሮፓ ኅብረት አባል እንዳትሆን የሚቃወመውን ንቅናቄ ከ1990 ጀምሮ መራ። በኖቬምበር 28 ቀን 1994 (ኅዳር 19 ቀን 1987 ዓ.ም.) ሕዝቡ ድምፅ ሲሰጥ 52 ከመቶ ያህሉ አንገባም አለ። ያልተስማሙበትም ብዙ ናቸው፤ እሱ ግን ያመነበትን በግልጽ ይናገር ነበር።

የመጨረሻ ዘመኑ

የሁለቱ ሐሳብ በዓለም ተሰራጨ። አሜሪካዊው አለን ኬይ ሲሙላን አይቶ ስሞልቶክ የሚባለውን ቋንቋ ከጓደኞቹ ጋር ሠራ። የዴንማርኩ ተወላጅ ቢያርኔ ስትሮስትሩፕ በተማሪነቱ በሲሙላ ስለሠራ በኋላ ሲ ፕላስ ፕላስን ፈጠረ። ጃቫና ፓይተንም ክላስ አላቸው። በአገራችን በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወር በተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና የሚማሩ ታላላቅ ወንድሞቻችንና እህቶቻችንም ይሄንኑ ክላስ ሊያገኙት ይችላሉ።

በ2002 መጀመሪያ ላይ ለኒጎርድና ለዳል የ2001ዱ የቱሪንግ ሽልማት እንደተሰጣቸው ተነገረ። ይህ ሽልማት በኮምፒውተር ዘርፍ እንደ ኖቤል የሚቆጠር ነው። የሚያሳዝነው ግን ደስታው አልቆየም። ዳል ጁን 29 ቀን 2002 (ሰኔ 22 ቀን 1994 ዓ.ም.) አረፈ። ኒጎርድም ከ42 ቀን በኋላ ኦገስት 10 ቀን (ነሐሴ 4 ቀን 1994 ዓ.ም.) ተከተለው። 76 ዓመት ሊሞላው 17 ቀን ቀርቶት ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው አብረው ሠሩ፣ አብረው ተሸለሙ፣ በአንድ ክረምት አረፉ።

ከታሪኩ ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ ትንሽና ድሃ አገር ናችሁ፣ አትችሉም መባል ሥራ አያስቆምም። ሁለተኛ፣ ከጓደኛ ጋር በሐሳብ መከራከር ጠብ አይደለም፤ ጥሩ ነገር ይወጣበታል። ሦስተኛ፣ የሠሩትን ራስ መሞከር፣ ሌላው ሲጠይቅም አለመቆጣት። ያቺ ልጅ እጇን ባታወጣ ኖሮ ሚኒባሳችን እስካሁን ትርፍ ይጭን ነበር። አራተኛው ደግሞ፣ አንድ ነገር ሠርቶ ከመጨረስ በኋላም ማንን ይጠቅማል፣ ማንንስ ይጎዳል ብሎ መጠየቅ ነው።

የዚህ እትም ጥያቄ

ሚኒባሱ ላይ 2 ሰው አለ እንበል። የተስተካከለውን ክላስ ይዛችሁ፣ አሳፍር (ከዜሮ በታች 3) ብላችሁ ብታዙት ምን ይወጣል? ክላሱን እንዴት ታስተካክሉታላችሁ? መልሳችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ለክበባችን አባላት ስጡ። ትክክለኛውን መልስ ከመላሾቹ ስም ጋር በሚቀጥለው እትም እናወጣለን።

እስከዚያው ቸር ይግጠመን!